ታማሚዋ አስታማሚ

ወይዘሮ ብርቅዬ ከህንድ አየር ማረፊያ የተመለሱት፣ ታማሚዋ እሳቸው መሆናቸውን የነገራቸው ሰው ስላልነበረ ነው። የወረቀቱ መዘበራረቅም፣ የአስተርጓሚው መቻኮልም፣ የኢሚግሬሽን ሠራተኛው ፊት መጥቆርም ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ጉሮሯቸው ውስጥ ካንሰር ያለባቸው የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ባሕር ተሻግረው ሄዱ፤ አንድ ቀን ተኩል ተመላሽ መንገደኞች በሚቆዩበት ክፍል የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ አንድም ሐኪም ሳያያቸው ወደ ሀዋሳ ተመለሱ። ይህ ሁሉ ሲሆን ይጨነቁ የነበሩት ለወንድማቸው ነው።

ልጃቸው ሳያት እውነቱን የሰማችው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ያውም ቁጭ አድርጎ የነገራት ሰው አልነበረም፤ ባህል አዳራሽ አካባቢ ካለች አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ወረፋ እየጠበቀች በአጋጣሚ ሰማችው።

ቀኑ የሐምሌ ቅዳሜ ነበር፤ ካፊያው አላቆመም። ሳያት ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ሸሚዝ በሚሰፋ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት። የተዛነፈ ስፌት ከሦስት ሜትር ርቀት ታያለች እያሉ ባልደረቦቿ ይቀልዱባታል። የዚያን ቀን የመጣችው የትምህርት ማስረጃዋን ኮፒ ልታስደርግ ነበር፤ ወረፋው ስለረዘመባት በሩ ሥር ቆማ በስጨት ብላ ሰዓቷን ታያለች። ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠችው የቤቱ ባለቤት ጽጌሬዳ ናት። ውጭ አገር የሚሄደው ሰው ሁሉ የቪዛ ፎርም የሚያስሞላው እሷ ዘንድ ሲሆን፣ ድምፅ ዝቅ ማድረግ የሚባል ነገር አታውቅም።

"የታማሚ ስም?" አለች ጽጌሬዳ።

ፊቷ የተቀመጡት ሽማግሌ የመለሱት አልተሰማም።

"አባቴ፣ ፕሪንተሩ ይጮሃል፤ ጮክ ይበሉልኝ። የታማሚ ስም?"

"ብርቅዬ ዳንጊሶ።"

"የአስታማሚ ስም?"

"ደረሰ ዳንጊሶ።"

ሳያት ቀና አለች። ድምፁ የአጎቷ ነው፤ ጀርባውም የአጎቷ ነው። መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ሽማግሌው ተሳስተዋል የሚል ነበር። ሰው ሲሳሳት ዝም ብላ ማየት ስለማይሆንላት ወረፋውን ጥሳ ሄደች።

"እህት፣ ተገላብጦ ነው የጻፍሽው። ታማሚው እሳቸው ናቸው። እናቴ አስታማሚ ናት።"

አቶ ደረሰ ዘወር ብለው ሲያዩዋት ፊታቸው እንደ አመድ ሆነ።

"ይኸው!" አለች ጽጌሬዳ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አንስታ። "ባለፈውም የመለሷችሁ በዚህ ነው እኮ። ወንድም አንድ ይላል፣ እህት ሌላ ትላለች፣ ልጅ ደግሞ ሦስተኛ ታመጣለች! እነዚያ ሰዎች ምን ያድርጉ? አንዱ ፓስፖርቱን ለሌላ ሰው አስይዞ ባዶ እጁን ይቀርባል፤ አንዱ ለምን እንደሚሄድ ሲጠየቅ ጎረቤት ያስጠናውን ይናገራል። ደግሞ ይህን ይመልከቱ፣ አባቴ። የምርመራው ውጤት 'ሚያዝያ 2017' ይላል። በእኛ አቆጣጠር ነው። እነሱ ዘንድ ሲደርስ ስምንት ዓመት ያለፈው ወረቀት ነው የሚመስለው። ሐኪም ቤቱ ቀኑን በፈረንጆቹም እንዲጽፍልዎት ይጠይቁ።"

ሳያት የቀረውን አልሰማችም። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። የእናቷ ስም አለ፤ ዕድሜያቸው አለ። ከዚያ በታች አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አለች፤ ያችን ቃል ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

"ነይ፣ ልጄ፣ ውጪ እንነጋገር" አሉ አቶ ደረሰ።

ባጃጅ ይዘው ጉዱማሌ ድረስ ሄዱ። ወደ ቤት እንሂድ ለማለት ሁለቱም ድፍረት አልነበራቸውም። በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ሰሞን፣ መቆሚያ የሚጠፋበት ሜዳ ያን ቀን ባዶ ነበር። ዛፍ ሥር፣ እርጥብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አቶ ደረሰ ስልሳ አምስት ዓመታቸው ነው። በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነታቸው ሰፈሩ ያከብራቸዋል፤ ከትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርነት ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደግሞ የተጣላ ባልና ሚስት የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው።

"ጋሼ፣ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ" አለች ሳያት።

"ሚያዝያ ላይ እህል አልወርድልሽ ሲላት ካሜራ በጉሮሮዋ ከተው አዩዋት። ሐኪሙ ወጣና 'የቤተሰብ ኃላፊ ማን ነው?' አለ። እኔ ነኝ አልኩት። ለብቻዬ ቢሮው አስገብቶ ነገረኝ።"

"ለእሷስ?"

"ለእሷ ጨጓራ ነው አልናት።"

"አልናት? ሐኪሙም?"

"ሐኪሙ ምን ያድርግ፣ ልጄ? ለምኜው ነው። እንዲህ ያለ ነገር ለታማሚ አይነገርም። በአገሩ ሁሉ እንደዚህ ነው።"

"እሺ፤ ታዲያ እንዴት ብላ እርስዎን ለማስታመም ህንድ ሄደች?"

አቶ ደረሰ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። "እናትሽን ታውቂያታለሽ። ለራሷ አንድ ጫማ ግዢ ብትባል ሦስት ወር የምታስብ ሴት ናት። ለጨጓራ ብላ ባሕር ትሻገራለች? ስለዚህ 'የታመምኩት እኔ ነኝ፤ ጉሮሮዬ ላይ ክፉ በሽታ ወጣብኝ። ሚስቴ ሞታለች፣ ልጆቼ ሩቅ ናቸው፤ አብሮኝ የሚሄድ ሰው የለኝም' አልኳት። በማግስቱ ሻንጣዋ በር ላይ ነበር።"

"በማግስቱ!" አለች ሳያት። ልትስቅ ነበር፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ ተበላሸባት። "እኔም እኮ ለእርስዎ አልቅሻለሁ። ፋብሪካ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ።"

"አውቃለሁ። ሁሉም ሰው አልቅሶልኛል። እዚህ ሰፈር ደህና መሆን አልተቻለም። 'እንዴት ይዞሃል?' ይሉኛል። 'ደህና ነኝ' ስላቸው 'እንዲህ ያለ እምነት ነው የሚያድነው' ብለው ትከሻዬን ይመቱኛል።"

ሳያት ግን ያን ሰዓት የምታስበው ሌላ ነበር። እናቷ ከሚያዝያ ወዲህ ጠጣር ምግብ አልቀመሱም። "ለወንድሜ ጾም ይዣለሁ" ይላሉ፤ ለወንድማቸው ሾርባ ይሠራሉ፤ "እሱ ሌላ ካልበላ እኔም አልበላም" ብለው ያንኑ ሾርባ ሲጠጡ ይውላሉ። ቀሚሳቸው ሲሰፋባቸው ሳያት "ጾሙን አታብዢው፣ ራስሽን ትጥያለሽ" ብላ ተቆጥታ ወደ ሥራ ሄዳለች። ከሦስት ሜትር ርቀት ስፌት የምታይ ልጅ አንድ ቤት እየኖረች ይህን አላየችም። ያን ቀን በአጎቷ ላይ የተናደደችው ንዴት ግማሹ የራሷ ድርሻ ነበር።

"ጋሼ፣ እርስዎ ሰው ሲያጋቡ ምን ነበር የሚሉት? 'እርስ በርሳችሁ አትደባበቁ' አይደል?"

"አታሽሙሪብኝ።"

"እያሽሟጠጥኩ አይደለም። ውሸት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።"

"ውሸት አይደለም፤ መሸፈን ነው። ሰው የሚሸፈነው እንዳይበርደው ነው።" ሽማግሌው ድምፃቸው ጠነከረ። "አንቺ ዩኒቨርሲቲ ገብተሻል፤ ሁሉ ነገር ሲነገር የሚቀል ይመስልሻል። አክስትሽን ሂሩትን አታስታውሻትም። እንደ ፈረስ ጠንካራ ነበረች። አንድ ቀን 'ካንሰር ነው' አሏት። ቤት ገባች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፣ እህል አልቀምስም አለች። በሃያ ሦስተኛው ቀን ቀበርናት። የገደላት ቃሉ ነው። ብርቅዬንም በቃል ላስገድል?"

የአቶ ደረሰ ፍርሃት የአላዋቂ ሰው ፍርሃት አልነበረም። መቃብር ቆመው ያዩ ሰው ናቸው። ይህን የመሰለ ፍርሃት የያዘን ሰው "ኋላ ቀር" ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ የሚረባው ነገር ግን ጠጋ ብሎ መጠየቅ ነው። ስድቡ የሳያት ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ እንደምንም ዋጠችውና ጠየቀች።

"ለአክስቴ የነገራት ማን ነበር?"

"አንድ ወጣት ሐኪም።"

"የት?"

"የት ይሆናል... ኮሪደር ላይ። ሰው በሚተላለፍበት።"

"ማን አብሯት ነበር?"

ሜዳው ዳር አንዲት ሴት ፕላስቲክ ተከናንባ በቆሎ ትጠብሳለች፤ አቶ ደረሰ ወደዚያ ያዩ ነበር።

"እኔ ነበርኩ የወሰድኳት። መድኃኒት ልገዛ ወጣ ብዬ ነበር። ስመለስ ብቻዋን ቆማለች፤ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛዋለች።"

"እንግዲያው ቃሉ ብቻውን አይደለም፣ ጋሼ። በሽታዋ ቀድሞም ገፍቶ ነበር። እሷ ደግሞ የሰማችው ኮሪደር ላይ፣ ከማታውቀው ሰው፣ የእርስዎ እጅ ሳይኖር ነው። እማዬን ግን ሌላ ኮሪደር ላይ እየወሰዷት ነው። ህንድ ስትደርሱ ሐኪሙ ለእርስዎ ብሎ ዝም አይልም። አስተርጓሚ ጠርቶ ለራሷ ይነግራታል። ሳትፈርም ቢላ አያነሳም። ያን ጊዜ እንደ አክስቴ ከእንግዳ ሰው አፍ ትሰማዋለች፤ ያውም አገሯ ባልሆነ አገር። ይሁን፣ ሐኪሙንም አታለሉት እንበል። መድኃኒቱ ሲጀመር ፀጉሯ ይረግፋል። ምን ሊሏት ነው? 'የእኔ መድኃኒት ተሳስቶ ላንቺ ገባ' ነው የሚሏት?"

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩ።

"ባለፈውስ? ምን ነበር የሆነው? ለእኛ 'ወረቀት ተሳሳተ' ነው ያላችሁን።"

አቶ ደረሰ ይህን ለማንም ተናግረው አያውቁም ነበር። ሲናገሩም ሳያትን አላዩዋትም።

"ፓስፖርቶቹም፣ የሆስፒታሉ ደብዳቤም፣ ሁሉም የእኔ ኪስ ውስጥ ነበር። ወረቀቷን እንዳታይ ብዬ ነው። እሷ በቦርሳዋ የያዘችው የመዝሙር መጽሐፍ፣ መሐረብና ለሾርባዬ የሚሆን ማንኪያ ብቻ ነበር። የምናርፍበትን አድራሻ እንኳ አታውቅም። መድኃኒቷንም ስሙን እንዳታነብ ከነካርቶኑ ጥዬ በቫዝሊን ዕቃ ገልብጬዋለሁ፤ እነሱ ያን ሲያዩ ነው መጠርጠር የጀመሩት። 'ይህ ምንድን ነው? የማን ነው?' አሉ። ከዚያ ለያዩን። እሷን መስተዋት ቤት ውስጥ አስገቧት፤ እኔን ውጪ አቆሙኝ። አማርኛ የሚችል ሰው በስልክ አገናኟት። 'ለምን መጣሽ?' አላት። 'ወንድሜ ታሞ ላስታምም' አለች። ወረቀቱ 'ታማሚዋ አንቺ ነሽ' ይላል። ደግመው ጠየቋት። ያንኑ ደገመች። ምን ብላ ሌላ ትበል?"

"ለምን ገብተው አልተናገሩም?"

"እንግሊዝኛ አለኝ፤ መናገር እችል ነበር። 'ታማሚዋ እሷ ናት፣ አታውቅም' ማለት ብቻ ነበር። ግን በስልኩ ያለው ሰው ወዲያው ይነግራታል። እናም በመስተዋቱ አያታለሁ። ሊመልሱን እንደሆነ ሲገባት ተነሳች። እጇን አጣምራ... ልጄ፣ ድምፁ አይሰማም፤ ግን አፏን አነባለሁ። 'እኔን መልሱኝ፣ እሱን አሳክሙት' ነው የምትለው። ከወንበሩ ወርዳ ተንበረከከች። እነሱ ደግሞ ይህን ሲያዩ ወረቀት የተቀያየርን አታላዮች ነን ብለው ጨርሰው ዘጉት። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር።"

ካፊያው ቆሟል። ሳያት ማልቀስ የሚያናድዳት ዓይነት ሰው ናት፤ ስለዚህ ተናደደች፤ ግን አለቀሰች።

"ጋሼ" አለች። "ያንን ቃል ዛሬ ይበሉት።"

"ካወቀች በኋላ አልሄድም ብትልስ? 'ለእኔ ይህን ያህል ወጪ አታውጡ፣ በቤቴ ልሙት' ብትልስ?"

"እሱን እኔም እፈራለሁ። ሌሊት ሌሊት የምፈራው እሱን ይሆናል ከእንግዲህ። ግን ጉሮሮው የእሷ ነው። እንቢ ካለች እንለምናታለን፣ እንጨቃጨቃለን። እያታለሉ ግን አውሮፕላን ላይ መጫን አይቻልም። ዕቃ ነው እንደዚያ የሚጫነው። በሚያዝያ 'በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላል' ብለው ነበር አላሉኝም ባጃጁ ውስጥ? አሁን ሦስት ወር አልፏል። ሁለተኛ ከመለሷት ሦስተኛ ጉዞ የለም።"

አቶ ደረሰ ባርኔጣቸውን አደረጉ፤ መልሰው አወለቁት።

"አብረሽኝ ትገቢያለሽ?"

"አብሬዎት እገባለሁ። ግን የሚናገሩት እርስዎ ነዎት። ኮሪደሩ ላይ ጥለዋት አይሄዱም።"

"አልሄድም" አሉ ሽማግሌው፤ ድምፃቸው እንደ ሕፃን ቀጥኖ ነበር። ተነሥተው ባጃጅ አስቆሙ።

ወይዘሮ ብርቅዬ ቤት ውስጥ ድስት ላይ ጎንበስ ብለው ነበር። የካሮትና የድንች ሾርባ በወንፊት ያጠልላሉ። ወንድማቸውን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

"ወንድሜ! በዚህ ዝናብ? ሳያት፣ ታማሚ ሰው በዝናብ ይዘሽ ትዞሪያለሽ? በይ ወንበሩን ወደ ውስጥ ሳቢለት። ሾርባው ደርሷል።"

"ብርቄ፣ ተቀመጪ" አሉ አቶ ደረሰ።

"ሾርባው ያርርብኛል።"

ሳያት ምድጃውን አጠፋች። ወይዘሮ ብርቅዬ ልጃቸውንም ወንድማቸውንም ተራ በተራ አዩና ማማሰያውን እንደያዙ ተቀመጡ።

"ብርቄ፣ እኔ አልታመምኩም።"

"ምን?"

"አልታመምኩም። ደህና ነኝ።"

ወይዘሮ ብርቅዬ አልጨረሱላቸውም። ማማሰያው ከእጃቸው ወደቀ። "ተመረመርክ? ነጻ ነህ አሉህ? ጌታዬ! ጌታዬ ሆይ፣ ሰማኸኝ! ሳያት፣ ሰማሽ? ነጻ ነው!" ብለው ተነሥተው እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። እልል ሊሉ ሞከሩ፤ ጉሮሯቸው ከለከላቸውና ሳላቸው መጣ። እያሳሉም ይስቁ ነበር። የወንድማቸውን ጭንቅላት ይዘው ግንባራቸውን ሳሙ።

ሳያት በሕይወቷ ከዚያች ደቂቃ የከፋ ደስታ አይታ አታውቅም። ሰውን ለማዳን ተብሎ የተነገረ ውሸት ዋጋውን የሚያስከፍለው በእንዲህ ያለ ሰዓት ነው፤ እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የምስጋና ጸሎት ማቋረጥ ይጠይቃል። አጎቷ ወደ እሷ አዩ። እሷም ራሷን ነቀነቀች፤ "ይቀጥሉ" ማለቷ ነበር።

አቶ ደረሰ የእህታቸውን ሁለት እጆች ያዙ። "ብርቄ፣ ቀድሞም አልታመምኩም። ዋሽቼሻለሁ። ወረቀቱ ያንቺ ነው።"

ሳቁ ፊታቸው ላይ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ጠፋ። ወይዘሮ ብርቅዬ አንድ እጃቸውን አስለቀቁና ጉሮሯቸውን ነኩ።

"ይሄ?"

"አዎ።"

"ጨጓራ አይደለም?"

"አይደለም።"

"እንደ ሂሩት ነው?"

"ቦታው ሌላ ነው። ስሙ ግን ያው ነው።"

ጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን ይሰማል። ወይዘሮ ብርቅዬ ሲናገሩ ወደ ልጃቸው ዞረው ነበር፤ ከእሷ ማባበል እንደማይመጣ ያውቃሉ።

"ይድናል?"

"አናውቅም፣ እማዬ። በሚያዝያ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላል ብለው ነበር። አሁን እንደገና አይተው ነው የሚወስኑት።"

"ከሚያዝያ እስከ አሁን..." በጣታቸው ቆጠሩ። "ሦስት ወር። ደረሰ፣ ሦስት ወር ወሰድክብኝ።"

"ወሰድኩብሽ።"

"እዚያ አገር ስንበረከክ ታየኝ ነበር?"

"አይሽ ነበር።"

"እያየኸኝ ዝም አልክ?"

ለሰፈሩ ሁሉ ቃል የማያጡት ሽማግሌ ጎንበስ ብለው የወደቀውን ማማሰያ አነሱና ይዘውት ቀሩ። ወይዘሮ ብርቅዬ አላባበሏቸውም። "ፓስፖርቴን ስጠኝ" አሉ።

አቶ ደረሰ ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሰጧቸው። ወይዘሮ ብርቅዬ ገልጠው ፎቶአቸውን አዩ። "ይህን ስነሳ ጉንጭ ነበረኝ" አሉ። ከዚያ የሆስፒታሉን ደብዳቤ ጠየቁ፤ ሳያት መስመር በመስመር በሲዳምኛም በአማርኛም ነገረቻቸው። የሆስፒታሉ ስም ይህ ነው፤ የሚቀበሉን ሐኪም ይህ ናቸው፤ የምናርፍበት ቤት አድራሻና ስልክ ይኸው፤ በትንሽ ወረቀት ጽፌ ቦርሳሽ ውስጥ አደርገዋለሁ፤ መድኃኒትሽ ከነካርቶኑ፣ ከነሐኪም ማዘዣው ይያዛል፤ የሁሉም ኮፒ አንዱ ከጋሼ ጋር፣ አንዱ እዚህ ከእኔ ጋር ይቀመጣል።

"የምሄድ መሆኔን ማን ነገራችሁ?" አሉ ወይዘሮ ብርቅዬ።

ሳያት ደብዳቤውን አጠፈች። እሷም አጎቷም ሲፈሩት የነበረው ይህን ነው።

ወይዘሮ ብርቅዬ ፓስፖርቱን ዘግተው፣ ገልጠው፣ እንደገና ዘጉ። "ለእሱ ብዬ ተነሥቼ የለ?" አሉ በመጨረሻ። "ለእሱ ብዬ በአንድ ቀን ተነሥቼ የለ? ለራሴ ደግሞ ልነሣ እስቲ። ጠይቂኝ። ያ ሰውዬ እንደጠየቀኝ አድርገሽ ጠይቂኝ።"

ሳያት ቀጥ ብላ ተቀመጠች። "ለምን መጡ?"

"እኔ..." በቀኝ እጃቸው የቀሚሳቸውን ጠርዝ ያዙ። "እኔ ታምሜ ነው። ጉሮሮዬን ልታከም ነው። ካንሰር ነው።"

"አብሮዎት ያለው ማን ነው?"

"ወንድሜ ነው። አስታማሚዬ ነው።" ወደ ወንድማቸው ዞር አሉ። "ውሸታም ነው፤ ግን አስታማሚዬ ነው።"

አቶ ደረሰ ያን ጊዜ ሳቁም አለቀሱም፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ነበር። እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው እንዲህ አሉ፦ "ሂሩትን ከቀበርን ጀምሮ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ፣ የታመመ ሰው ባለበት ቤት እየገባሁ 'አትንገሩ' ስል ኖሬያለሁ። ስንቱ ሳይሰናበት፣ የልቡን ሳይናገር፣ የራሱን በሽታ ሳይጠይቅ ሄደ። እኔ ይህን ሳላውቅ አስተምር ነበር። ብርቅዬ አሁን የሚያማትን ለሐኪሙ በራሷ አፍ ትነግረዋለች፤ የምትፈርመውን አውቃ ትፈርማለች፤ ሲያማት እኔን ለማስታመም ብላ አትደብቅም። እኔም ደህና ሆኜ ደህና ነኝ ማለት እችላለሁ። ከእንግዲህ 'አትንገሩ' አልልም። 'ቁጭ ብላችሁ፣ እጁን ይዛችሁ ንገሩት' እላለሁ። እንደ እኔ ግን ሦስት ወር አትዘግዩ እላለሁ።"

ይህን ያሉት ለእህታቸው ነው፤ ለሚሰማቸው ሁሉ ይሆናል። የውጭ አገር ጉዞ ስህተት ብዙ ነው። ሻንጣ የሚያበዛ አለ፤ ቀን የሚያምታታ አለ። ከሁሉ የሚከፋው ግን መንገደኛውን ራሱን ለምን እንደሚሄድ ሳያሳውቁ መውሰድ ነው። ድንበር ላይ የቆመው ሰው የሚጠይቀው ያንኑ አንድ ጥያቄ ነው፤ ቤተሰብ ያልመለሰውን ጥያቄ በሽተኛ መስተዋት ቤት ውስጥ ሊመልሰው አይችልም።

ወይዘሮ ብርቅዬ ወንድማቸው ይህን ሁሉ ተናግረው እስኪጨርሱ አልጠበቁም። ተነሥተው ነጠላቸውን ከመስቀያው አወረዱ። ፓስፖርታቸውን ትንሿ ቦርሳ ውስጥ፣ ከመዝሙር መጽሐፋቸው ጋር አስገቡና ዚፑን ዘጉ።

"ወዴት ነው፣ እማዬ?"

"ሮማን ቤት። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው።"

ወይዘሮ ሮማን የሰፈሩ ሴቶች ቅዳሜ ቅዳሜ ለጸሎት የሚሰበሰቡባቸው ጎረቤት ናቸው።

"ዛሬ እንኳን ቅሪ" አለች ሳያት። "ደክሞሻል።"

"ሦስት ወር ሙሉ አሥራ አንድ ሴት ለደረሰ ጉሮሮ ስትጸልይ ከርማለች። እኔም በእሱ ስም እየጮህኩ። ሄጄ ስሙን ላስተካክል።"

"ልሸኝሽ" አሉ አቶ ደረሰ ከወንበራቸው እየተነሡ።

"ተቀመጥ። መንገዱን አውቀዋለሁ።" በሩ ጋ ደርሰው ቆሙ። ጀርባቸው ከነጠላው ሥር ሲታይ ትከሻቸው የልጅ ትከሻ ያክላል። ዞረው ድስቱን አዩ። "ሾርባውን እንዳትነኩብኝ" አሉ። "የእኔ ነው።"

ወጡና በሩን ከኋላቸው ዘጉት።